በጥር ወር «የክረምት ማዕበል»፦ ስለ አንድ የመዝገበ ዕውቀት መጣጥፍ ለአዘጋጁ የተላከ ደብዳቤ

ክቡር ዋና አዘጋጅ ሆይ፦

በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ከባድ የበረዶ ማዕበል በደረሰ ቁጥር ጋዜጣችሁ ዜናውን ሳያሳልፍ ማውጣቱን እንደ አንድ የቆየ አንባቢ አመሰግናለሁ። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በኒው ዮርክና በቦስተን ዘመድ ላላቸው አንባቢዎቻችሁ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። እኔም በዚያው ጠረፍ፣ በሜሪላንድ ግዛት የምኖር፣ በትርፍ ጊዜዬ በአማርኛው ውክፔዲያ ላይ መጣጥፎችን የምጽፍና የማርም በጎ ፈቃደኛ ነኝ። ብዕሬን ያነሣሁት ዜናዎቻችሁን ለመንቀፍ አይደለም። ለአንድ ቀን ተብሎ የተጻፈ ዜና ከዓመታት በኋላ የመዝገበ ዕውቀት ምንጭ ሆኖ ሲጠቀስ ምን እንደሚጎድለው ከሥራው አጠገብ ሆኜ ስላየሁ፣ ያየሁትን ለእናንተም ለአንባቢዎቻችሁም ማካፈል ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ነገሩን ከራሴ ስሕተት ልጀምር። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 22 እስከ 24 ቀን 2016 ስለ ደረሰው ታላቅ የበረዶ ማዕበል መጣጥፍ ሳዘጋጅ፣ በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ የተለካው በረዶ 26.8 ኢንች፣ ማለትም 68 ሴንቲሜትር ገደማ መሆኑን ከዕለቱ ዜናዎች ወስጄ ጻፍሁ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2006 የተመዘገበው የከተማዋ ክብረ ወሰን 26.9 ኢንች ስለ ነበር፣ «ክብረ ወሰኑን ለመስበር አንድ አሥረኛ ኢንች ብቻ ቀረው» የሚል ዐረፍተ ነገርም አከልሁበት። ዐረፍተ ነገሩ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለአንባቢ የሚጥም ነገር አለው። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ግን የአለካኩን ሂደት እንዲመረምር የተቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን፣ በፓርኩ በረዶውን በሚለኩት ሰዎችና በብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት መካከል በተፈጠረ የመልእክት መዛባት ትክክለኛው ቁጥር ሳይተላለፍ መቅረቱን ደረሰበትና መጠኑ 27.5 ኢንች ተብሎ ታረመ። ለጥቂት ያመለጠው የተባለው ማዕበል እ.ኤ.አ. ከ1869 ጀምሮ በተያዘው የከተማዋ መዝገብ አንደኛ ሆኖ ተገኘ። ያው ቡድን ከኒው ዮርክ አጠገብ ባለው በኒውዋርክ አውሮፕላን ማረፊያ የተለካውን 28.1 ኢንች ደግሞ ሳይቀበለው ቀረ። የእኔ ውብ ዐረፍተ ነገር ሙሉ በሙሉ ሐሰት ሆነ ማለት ነው፤ ያውም ምንጭ ተጠቅሶለት።

በዚህ አጋጣሚ በረዶ እንዴት እንደሚለካ ማወቅ ግድ ሆነብኝ። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው፦ በየጎኑ 40 ሴንቲሜትር ያህል የሆነ ነጭ ሰሌዳ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ በላዩ የተከመረው በረዶ በማስመሪያ ይለካል፤ ከዚያ ሰሌዳው ተጠርጎ እንደገና ይቀመጣል። ችግሩ ያለው በጥረጋው ላይ ነው። አዲስ የወረደ በረዶ በራሱ ክብደት እየተጫነ ስለሚሄድ፣ በየሰዓቱ እየለካ የሚደምር ሰው በየስድስት ሰዓቱ ከሚለካው የበለጠ ቁጥር ያገኛል፤ ማዕበሉ ካለፈ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ የሚለካው ደግሞ ከሁለቱም ያነሰ። ሦስቱም አልዋሹም፤ ሦስቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ግን አይቻልም። ስለዚህ የአሜሪካ የአየር ሁኔታ አገልግሎት መመሪያ ሰሌዳው በየስድስት ሰዓቱ ካልሆነ በቀር እንዳይጠረግ ያዝዛል። በዚያው የ2016 ማዕበል በዋሽንግተን ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ የነበሩት ለኪዎች ሰሌዳቸው በበረዶው ተውጦ ስለ ጠፋባቸው በሌላ መንገድ ለክተው 17.8 ኢንች ጻፉ። ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ግን የተመዘገበው 29.3 ኢንች ነበር። ሬገን ከወንዝ ዳር፣ ዝቅ ባለና ሞቅ በሚል ቦታ የሚገኝ በመሆኑ ልዩነቱ ሁሉ የአለካክ ጉድለት ነው ማለት አይቻልም፤ ሆኖም «በዋሽንግተን 45 ሴንቲሜትር በረዶ ወረደ» ብሎ የሚያልፍ መጣጥፍ ለአንባቢው ከታሪኩ ግማሹን እንኳ አልነገረውም።

ከቁጥሩ በፊት ግን ነገሩ ራሱ ምን ተብሎ ይጠራ? የዚያ ጠረፍ ሰዎች «ኖርኢስተር» ይሉታል፤ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣ ለማለት ነው። በአማርኛ ከተጻፉት ውስጥ «ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚነፍስ ማዕበል» የሚል ትርጉም ከአንድ ጊዜ በላይ አጋጥሞኛል፤ ስሕተቱም የሚገባኝ ነው፤ ምክንያቱም ማዕበሉ በእርግጥ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይጓዛል። ስሙን ያገኘው ግን ከነፋሱ ነው፤ ነፋሱ ደግሞ ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል። አየሩ ዝቅተኛ ግፊት ያለበትን እምብርት በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ከሰዓት ዘንግ አዙሪት በተቃራኒ እየዞረ ስለሚከበው፣ እምብርቱ በውቅያኖሱ ላይ ሆኖ ጠረፉን ተከትሎ ሲወጣ በየብሱ በኩል ያለው ሰው ነፋሱን ከባሕሩ፣ ከሰሜን ምሥራቅ አቅጣጫ ይቀበላል። ይህን እንቆቅልሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተዋለው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1743 በፊላደልፊያ የጨረቃ ግርዶሽ ለማየት ሲጠባበቅ ከሰሜን ምሥራቅ የመጣ ማዕበል ሰማዩን ሸፈነበት። ነፋሱ ከቦስተን በኩል ስለሚመጣ ቦስተንም ቀድማ ተሸፍና ይሆናል ብሎ ገምቶ ሳለ፣ የቦስተን ጋዜጦች ሲደርሱት ግርዶሹ እዚያ በግልጽ መታየቱን፣ ማዕበሉም ወደ ቦስተን የደረሰው ከዚያ በኋላ መሆኑን አነበበ። ማዕበል ከነፋሱ አቅጣጫ በተቃራኒ ሊጓዝ እንደሚችል የገባው በዚህ ነው። ክቡር አዘጋጅ ሆይ፣ ይህን የማነሣው ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ግኝቱ የተገኘው ጋዜጦቹ ቦታውንና ሰዓቱን ለይተው በመጻፋቸው ነበርና።

የማዕበሉ ጉልበት ከየት እንደሚመጣ ባጭሩ ማስቀመጥ ይቻላል። ከካናዳ የሚወርደው ደረቅና እጅግ ቀዝቃዛ አየር ከየብሱ በኩል፣ ገልፍ ስትሪም የተባለው ሞቃት የውቅያኖስ ጅረት ደግሞ ከባሕሩ በኩል ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ በተለይ በሰሜን ካሮላይና ኬፕ ሃተራስ አካባቢ የሁለቱ የሙቀት ልዩነት በአጭር ርቀት ውስጥ እጅግ ሰፊ ነው። ከላይ የሚያልፈው ፈጣን የከፍታ ነፋስ አየሩን ወደ ላይ ሲስበው ከሥር ያለው ግፊት ይወርዳል፤ ማዕበሉም ይበረታል። የግፊቱ አወራረድ በጣም ሲፈጥን የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች «ቦምብ» የሚል ቃል ይጠቀማሉ፤ ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1980 ያስለመዱት ሳንደርስና ጊያኩም የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ መስፈርቱም በ60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ የአየር ግፊቱ በ24 ሰዓት ውስጥ በ24 ሚሊባር (የግፊት መለኪያ ነው) መውረድ ነው፤ ወደ ምድር ወገብ በቀረቡ መጠን መስፈርቱ ያንሳል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 የዜና ማሰራጫዎች ቃሉን አንሥተው ሲያስተጋቡት፣ በአማርኛም «የቦምብ አውሎ ነፋስ» ተብሎ ሲተረጎም፣ ፍንዳታ የደረሰ የመሰላቸው ሰዎች ደውለው ጠይቀውኛል። መጣጥፍ ላይ ቃሉን ከማስፈር ይልቅ «ግፊቱ በአንድ ቀን ይህን ያህል ሚሊባር ወረደ» ማለት ይሻላል፤ ቃሉ የግድ ከገባም ትርጉሙ እዚያው አጠገቡ ይቀመጥ።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል፣ ወደ ራሳችን ቋንቋ ልምጣ። «የክረምት ማዕበል» የሚለውን አጠራር እኔም ስጠቀምበት ኖሬአለሁ፤ በውጭ አገር የምንኖር ሰዎች ቅዝቃዜውን ወራት ሁሉ ክረምት ማለት ለምደናልና። ነገር ግን ክረምት ለአብዛኛው የአማርኛ አንባቢ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ያለው የዝናብ ወቅት ነው፤ ጥር በጋ ነው። «በጥር 14 ቀን የደረሰው የክረምት ማዕበል» ብሎ የሚጀምር መጣጥፍ አንባቢውን ገና ከደጃፉ ያደናግረዋል። እኔ አሁን «በሰሜን አሜሪካ የቅዝቃዜ ወራት» እያልሁ እጽፋለሁ፤ ረዘም ይላል፣ ግን አያሳስትም። በረዶም እንዲሁ ነው። በእኛ ዘንድ በረዶ ሲባል ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው በነጎድጓድ መካከል እየተንኳኳ የሚወርደውና ሰብል የሚመታው ጠጠር ነው፤ በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውም ውኃ በረዶ ነው፤ እንደ ባዘቶ ሆኖ በዝግታ የሚወርደውም በረዶ። ለዚህ ለመጨረሻው በቆዩ ጽሑፎች «አመዳይ» የሚል ቃል አለ፤ ዛሬ ግን አመዳይ ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው ንጋት ላይ ሣር ላይ የሚታየውን ውርጭ ነው። በእነዚህ ማዕበሎች ላይ ደግሞ ልዩነቱ ትርፍ ነገር አይደለም። ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ወደ ባሕሩ ሲጠጉ ዝናብ፣ ወደ ውስጥ ሲገቡ መሬት እንደ ነካ የሚረጋ ዝናብ፣ ትንሽ አለፍ ሲሉ ጠጣር የበረዶ ፍንጣሪ፣ ከዚያ ወዲያ ባዘቶው ይሆናል። መንገድ የሚዘጋው አንዱ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚበጥሰው ሌላው። ሁሉንም «በረዶ» ብሎ ያለፈ ጸሐፊ የማዕበሉን ካርታ አጠፋው ማለት ነው። አዲስ ቃል እንፍጠር አልልም፤ «ባዘቶ በረዶ»፣ «ጠጠር በረዶ»፣ «ሲያርፍ የሚረጋ ዝናብ» ብሎ መለየት ግን ማንንም አይከብድም።

«ማዕበል»ም የባሕር ሞገድን ስለሚጨምር ስለ ጠረፍ ጎርፍ በተነሣ ጊዜ ይደበላለቃል። ብሊዛርድ የሚለውን ቃል ደግሞ «ከባድ በረዶ» ብሎ መተርጎም ጨርሶ አያስኬድም። የአሜሪካው የአየር ሁኔታ አገልግሎት ብሊዛርድ የሚለው ነፋሱ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ፣ የሚወርደው ወይም ከመሬት የሚነሣው በረዶ እይታን ከ400 ሜትር በታች ሲያደርገው፣ ይህም ቢያንስ ለ3 ሰዓት ሲቆይ ነው። የበረዶው ጥልቀት በመስፈርቱ ውስጥ የለም። ስድሳ ሴንቲሜትር በረዶ በጸጥታ ወርዶ ብሊዛርድ ላይሆን ይችላል፤ ቀደም ብሎ የወረደውን እያነሣ የሚያለብሰው ነፋስ ብቻውን ብሊዛርድ ሊሆን ይችላል። ወጨፎ የሚለው ቃላችን፣ ነፋስ አግድሞ የሚያመጣውን ዝናብ ስለሚያሳይ፣ ከሁሉ የቀረበ ይመስለኛል፤ «የበረዶ ወጨፎ» የሚለውን አንባቢዎች ቢሞክሩት ደስ ይለኛል።

የቀን አቆጣጠሩ ጉዳይ ደግሞ ለእኛ ብቻ የተሰጠ ፈተና ነው። የ2016ቱ ማዕበል በእኛ አቆጣጠር ከጥር 13 እስከ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ይውላል፤ ጥምቀት በዋለ በሁለተኛው ቀን ጀመረ ማለት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ2007፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለ ነበረች ቀኑ በአንድ ተንፏቋል፤ ይህን የዘነጋ ሰው ጥር 14 ብሎ ይጀምረዋል። ወደ ኋላ በተሄደ መጠን ይብሳል። እ.ኤ.አ. ከማርች 11 እስከ 14 ቀን 1888 ኒው ዮርክንና ኒው ኢንግላንድን ያጠቃው ታላቁ ብሊዛርድ በእኛ ከመጋቢት 3 እስከ 6 ቀን 1880 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1900 ፌብሩዋሪ 29 ስላልነበረ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ርቀት ከዚያ ወዲህ በአንድ ቀን ሰፍቷልና፣ በዛሬው ሰንጠረዥ ያሰላ ሰው መጋቢት 2 ብሎ ይሳሳታል። ሰዓቱም አለ። የአየር ሁኔታ ካርታዎች የሚጻፉት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። በዋሽንግተን ዓርብ ማታ 1 ሰዓት በካርታው ላይ ቅዳሜ ዜሮ ሰዓት ነው፤ በአዲስ አበባ ደግሞ ሌሊት 9 ሰዓት። አንድ ዜና «ቅዳሜ ንፋሱ ከፍ አለ» ሲል በማን ቅዳሜ እንደ ሆነ ካልተነገረ መዝጋቢው ሊያስተካክለው አይችልም። የእኔ ልማድ የማዕበሉን ቀን በቦታው ሰዓት ጽፎ፣ የጎርጎርዮሳውያኑንም የእኛንም ቀን አብሮ ማስቀመጥ ነው፤ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ይመሰክርበታል።

የሟቾች ቁጥር ላይ ስደርስ እጄ ይከብዳል። በ1888ቱ ብሊዛርድ ከ400 በላይ ሰዎች እንደ ሞቱ በብዙ ቦታ ተጽፏል። የቀድሞው የኒው ዮርክ ሴናተር ሮስኮ ኮንክሊንግ ከእነዚህ አንዱ ናቸው ወይስ አይደሉም? በማዕበሉ መካከል ከዎል ስትሪት ቢሯቸው ተነሥተው በእግራቸው ወደ ማደሪያቸው ሲያመሩ ዩኒየን ስኩዌር ላይ በበረዶው ውስጥ ወደቁ፤ ተነሥተው ጉዟቸውን ቀጠሉ፤ ከዚያም ታመሙና እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 18 ቀን፣ ማዕበሉ ካለፈ ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ አረፉ። ዛሬም ጥያቄው ያው ነው። በረዶ ሲዝቁ ልባቸው የቆመ፣ የጭስ ማውጫው በበረዶ በተደፈነ መኪና ውስጥ ታፍነው የሞቱ፣ በሚያንሸራትት መንገድ ላይ የተጋጩ ሰዎች አሉ፤ የአሜሪካው መዝገብም ማዕበሉ በቀጥታ የገደላቸውንና በተዘዋዋሪ የሞቱትን ይለያል። «የክፍለ ዘመኑ ማዕበል» በሚል የሚታወቀው፣ እ.ኤ.አ. ከማርች 12 እስከ 14 ቀን 1993 ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ ጠረፉን ሁሉ ያካለለው ማዕበል በአንዳንድ ጽሑፎች 270 ያህል፣ በሌሎች 318 ሰዎችን ገደለ ይባላል። ሁለቱ የሚጣሉ ይመስላሉ፤ አይጣሉም። በባሕር ላይ የጠፉት 48 ሰዎች በመጀመሪያው ውስጥ አልተደመሩም፤ በሁለተኛው ተደምረዋል። የመዝገበ ዕውቀት ጸሐፊ ተግባር ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ወይም አማካያቸውን መውሰድ አይደለም፤ ማን ተቆጥሮ ማን እንዳልተቆጠረ መናገር ነው።

ክብረ ወሰን የሚባለውም ነገር እንዲሁ ያሳስታል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 በቦስተን የባሕሩ ውኃ 4.62 ሜትር ያህል ደርሶ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1978 የነበረውን ከፍታ በ2 ሴንቲሜትር ገደማ በለጠው። ዜናው «ከ1978ቱ የከፋ ማዕበል» የሚል መልክ ያዘ። ይሁን እንጂ የተለካው ሦስት ነገር ተደምሮ ነው፦ የዕለቱ የባሕር ሙላት፣ ነፋሱ የገፋው ውኃ፣ እንዲሁም ራሱ የባሕሩ መነሻ ከፍታ። በእነዚያ 40 ዓመታት ውስጥ የቦስተን ባሕር ከፍታ ከ2 ሴንቲሜትር እጅግ በበለጠ ጨምሯል። ያኔ የነበረው ማዕበል ዛሬ ቢመጣ ኖሮ የ2018ቱን በልጦት ይሄድ ነበር። ስለዚህ «ከፍተኛው የውኃ መጠን» እና «ኃይለኛው ማዕበል» ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ይህን ስል ባሕሩ ከፍ ማለቱን አቃልያለሁ እንዳይባልብኝ፤ እንዲያውም አሳሳቢው እርሱ ነው፤ መካከለኛ ማዕበል የታላቅ ማዕበል ጉዳት እንዲያደርስ የሚያበቃው ይኸው ነውና።

ስለ ስያሜ ባጭሩ ልናገር። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አንድ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያ፣ ዌዘር ቻናል፣ ለእነዚህ ማዕበሎች የራሱን ስም ያወጣል፤ የ2016ቱን ጆናስ፣ የ2018ቱን ግሬሰን ብሎታል። የመንግሥቱ የአየር ሁኔታ አገልግሎት በእነዚህ ስሞች አይጠቀምም። እንደ ሐሪኬን ስም በይፋ የጸና ነገር አይደለምና «ጆናስ የተባለው ማዕበል» የሚል ርእስ ለመጣጥፍ አይሆንም፤ «የጃንዋሪ 2016 የአሜሪካ ብሊዛርድ» ማለት ደረቅ ቢመስልም ታማኝ ነው። ሕዝብ ያወጣው ስም ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ዋሽንግተንን የቀበረውን በረዶ ሰዉ «ስኖማጌዶን» ብሎ ሲጠራው ፕሬዚዳንት ኦባማም ቃሉን በንግግራቸው ደግመውታል፤ እንዲህ ያለው ስም በመጣጥፉ ውስጥ ማን እንደ ተጠቀመበት ተገልጾ ሊጠቀስ ይገባዋል። «በታሪክ ታይቶ የማይታወቅ» የሚለውን ሐረግ በተመለከተ ያለኝ አስተያየት አንድ ነው፦ ይሰረዝ። ማዕበሎቹን የሚያነጻጽር መለኪያ አለ፤ ኮሲንና ኡቸሊኒ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት የሠሩትና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው መለኪያ የበረዶውን ጥልቀት፣ የሸፈነውን ስፋትና በዚያ የሚኖረውን ሕዝብ ብዛት አስልቶ ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጣል። የ2016ቱ አራተኛ ደረጃ ነው፤ የ1993ቱ አምስተኛ። በሠንጠረዥ ላይ የተቀመጠ ደረጃ ከአሥር ቅጽሎች ይበልጣል።

አንዳንድ ወዳጆቼ «አንተ እዚያው ነበርህ፤ በመስኮትህ ያየኸውን ለምን አትጽፍም?» ይሉኛል። የመዝገበ ዕውቀቱ ደንብ አይፈቅድም፤ ያልታተመ የራስ ምልከታ፣ የቱንም ያህል እውነት ቢሆን፣ አንባቢ ተከታትሎ ሊያረጋግጠው አይችልምና አይገባም። ያነሣሁትን ፎቶግራፍ በነጻ ፈቃድ መስጠት እችላለሁ፤ በረዶው ጉልበቴ ድረስ እንደ ነበር መጻፍ ግን አልችልም። መጀመሪያ ላይ ይህ ደንብ ያናድደኝ ነበር። ከሴንትራል ፓርኩ ቁጥር ወዲህ ግን ደንቡ ትዕግሥት የሚያስተምር መሆኑ ገብቶኛል፤ በዚያ ላይ የእያንዳንዱ እርማት ታሪክ ተመዝግቦ ስለሚቀር፣ የእኔም ስሕተት ከነቀኑ እስከ ዛሬ ይታያል። ማዕበሉ ገና እየነፈሰ መጣጥፍ መክፈት ነውር አይደለም፤ የመጀመሪያ ቁጥሮች የመጀመሪያ መሆናቸውን አለመናገር ነው ነውሩ።

ጋዜጣችሁ የሚረዳን እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ የሚታተም ታማኝ ምንጭ ጥቂት ስለ ሆነ፣ እናንተ የምታወጡት ሁለት አንቀጽ ዜና ለብዙ ዓመት ብቸኛው የአማርኛ ማስረጃ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። የምለምነው ብዙ አይደለም። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጋር የለካው ተቋምና የተለካበት ቦታ ይጻፍ፤ «በኒው ዮርክ» ከማለት «በሴንትራል ፓርክ» ይባል። ኢንቹም ሴንቲሜትሩም አብረው ይቀመጡ፤ ባለፉት ዓመታት ኢንች በስሕተት ሴንቲሜትር ተብሎ ታትሞ፣ 70 ሴንቲሜትር የነበረው በረዶ 27 ሆኖ አይቻለሁና። ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይገለጽ። የሟቾች ቁጥር እስከ የትኛው ቀን የተሰበሰበ እንደ ሆነ ይታከልበት። ከሁሉ በላይ ግን ዜናው ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ማዕበሉ ካለፈ ከሦስት ወይም ከስድስት ወር በኋላ፣ የመጨረሻው ቁጥር ሲወጣ አንዲት አጭር እርማት በውስጥ ገጽ ብታወጡ፣ ያቺ እርማት ከመጀመሪያው ገጽ ዜና ይልቅ ለእኛ ትጠቅመናለች። ማዕበሉም ዜናውም እንደማይቀር አውቃለሁና፣ ለሚቀጥለው የቅዝቃዜ ወራት ከአሁኑ ቢታሰብበት በማለት ይህን ጽፌአለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከሜሪላንድ የጻፈ አንባቢያችሁ